ለባቡሩ ከመኪና ቅድሚያ ይሰጠው፦ ለአዲስ አበባ የትራንስፖርትና የመንገድ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ የትራንስፖርት፣ የመንገድና የትራፊክ ማኔጅመንት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የቀላል ባቡሩን አገልግሎት ለምታስተዳድሩ ሁሉ፤

ጉዳዩ፦ ሐዲዱ ከመኪና መንገድ ጋር በሚገናኝባቸውና ተሳፋሪው ወደ ጣቢያ በሚሻገርባቸው ቦታዎች ለባቡሩና ለተሳፋሪው ቅድሚያ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ።

ክቡራንና ክቡራት፤

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው የኮድ 2 መኪና ባለቤት ነው። ይህንን ከመነሻው የምናገረው፣ ከዚህ በታች የማቀርበው ጥያቄ መኪና በሌለው ሰው ቅናት የተጻፈ ነው እንዳይባል ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን እነዳለሁ፤ በቀሩት ቀናት እንደ ብዙው ነዋሪ በባቡር፣ በአንበሳ አውቶቡስ ወይም በታክሲ እሄዳለሁ። ባቡሩ እስኪያልፍ መሪውን በጣቴ እየደበደብኩ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ባቡሩ ውስጥ በሰው መካከል ተጣብቄ ቆሜ፣ ሐዲዱ ላይ የተንጠለጠለ መኪና እስኪነሳ ድረስ በመስኮት የማንጋጥጠውም እኔው ነኝ። ሁለቱን ወንበሮች ስለማውቃቸው፣ የትኛው መጠበቅ እንዳለበት ለመናገር ድፍረቱን አግኝቻለሁ።

የመጀመሪያው መስመር ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሁለተኛው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ጥቅምት 29 ቀን ሲከተለው፣ ከተማዋ በአንድ መኸር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድና 39 ጣቢያ አገኘች። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር እንደነበረና 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ በብድር እንደተገኘ በወቅቱ ተነግሮናል። በዚህ ሁሉ ገንዘብ የተገዛው ሐዲድ፣ ፉርጎና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመስለናል እንጂ፣ በእርግጥ የተገዛው ሰዓት ነው፤ ከአያት የተነሳ ሠራተኛ ሜክሲኮ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው ያ ሁሉ ብድር የተወሰደው። ሰዓቱን ለመኪና የሚሰጥ ከተማ የብድሩን ፍሬ ይሰጣል፤ ዕዳው ግን ከእርሱ ጋር ይቀራል።

ቅድሚያ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ላድርግ፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ መኪና ከከተማ ይባረር የተባለ ይመስለዋል። አብዛኛው የሐዲዱ ክፍል በአጥር፣ በድልድይና በማሳለጫ ከመኪናው ተለይቷል። ሐዲዱና መንገዱ በአንድ ከፍታ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። እኔ የምጠይቀው በእነዚህ ጥቂት ቦታዎች ላይ ባቡሩ ሳይቆም፣ ፍጥነቱንም ያለ አግባብ ሳይቀንስ እንዲያልፍ ነው። አሠራሩ በሌላው ዓለም ከአርባ ዓመት በላይ የተፈተነ ነው፦ ከመገናኛው የተወሰነ ርቀት ላይ ሐዲዱ ሥር ወይም ባቡሩ ላይ የተተከለ መሣሪያ ለትራፊክ መብራቱ መቆጣጠሪያ «መጥቻለሁ» የሚል ምልክት ይልካል፤ መቆጣጠሪያው ለባቡሩ አረንጓዴ በርቶ ከሆነ ጥቂት ሰከንድ ያራዝመዋል፣ ቀይ ከሆነ ደግሞ የመኪናውን ተራ ቀድሞ ይዘጋል፤ የባቡሩ ጅራት መገናኛውን እንደለቀቀ ሁለተኛው መሣሪያ «አለፍኩ» ይላል፣ መብራቱም ወደ ተለመደው ተራው ይመለሳል። የትራፊክ ፖሊስ በእጁ ሲያስተናግድ ግን፣ ምንም ያህል ትጉህ ቢሆን፣ ዓይኑ የሚያየው የተደረደረውን መኪና፣ ጆሮው የሚሰማው ጥሩምባውን ነው። ባቡር ውስጥ የቆመ ሰው ጥሩምባ የለውም።

መኪና ላይ የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ባቡር በየ10 ደቂቃው ከሁለቱም አቅጣጫ ቢመጣ፣ አንድ መገናኛ በሰዓት 12 ጊዜ ይዘጋል። 30 ሜትር የማይሞላ ባቡር ቀርቦ፣ አልፎ፣ መንገዱ እስኪከፈት 40 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሰዓቱ ውስጥ የሚዘጋው 8 ደቂቃ ነው። የቀሩት 52 ደቂቃዎች የመኪናው ናቸው። በአንድ ባቡር ከ250 በላይ ሰው ሊጫን እንደሚችል፣ በተቃራኒው መንገዱ ላይ ከተደረደሩት የቤት መኪኖች የብዙዎቹ ተሳፋሪ ሾፌሩ ብቻ እንደሆነ ደግሞ ማንም ቆሞ ማየት ይችላል። ባቡሩ አንድ ደቂቃ ቢቆም 250 የሰው ደቂቃ ይባክናል፤ ሃያ መኪና ግማሽ ደቂቃ ቢቆም በአንድ መኪና ሁለት ሰው አለ ብለን ለመኪናው ብናደላ እንኳ የሚባክነው 20 ነው።

ይህ ሁሉ ግን እኔን ወደ ዋናው ነጥቤ የሚያደርሰኝ መንገድ ነው። ዋናው ነጥብ የባቡሮቹ ቁጥር ነው።

አገልግሎቱ የተጀመረው በ41 ባቡሮች ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው፣ ከግማሽ በታች በሚሆኑት ብቻ የተሠራበት ጊዜ እንደነበረ በመንግሥት ኃላፊዎች ጭምር በይፋ የተነገረ ነው። መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ለመድኃኒት፣ ለነዳጅና ለማዳበሪያ ስንሻማበት የኖርነው ነገር ነው። እዚህ ላይ ማንንም ለመውቀስ አልተነሳሁም። ነገር ግን በስምሪት ሥራ ላይ ያላችሁ ባለሙያዎች ከእኔ ይልቅ የምታውቁትን አንድ ነገር ላስታውስ፦ በአንድ መስመር ላይ ባቡር በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ የሚወስነው የባቡሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ባቡር ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜም ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ደርሶ መልስ፣ ጫፍ ላይ የሚያርፍበትን ጨምሮ፣ 120 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በየ12 ደቂቃው ባቡር ለማስነሳት 10 ባቡር ያስፈልጋል። በየመገናኛው የሚቆመውን፣ ይቆም ይሆን ብሎ ቀድሞ የሚያዘግመውን፣ እንዲሁም መዘግየቱ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ጫፍ ላይ ለማካካሻ የሚጨመረውን ጊዜ አንድ ላይ አድርገን በደርሶ መልሱ 12 ደቂቃ ብናተርፍ፣ ዙሩ 108 ደቂቃ ይሆናል፤ ያንኑ የ12 ደቂቃ ልዩነት ለመጠበቅም 9 ባቡር ይበቃል። አሥረኛው ባቡር ነጻ ወጣ ማለት ነው። ለዚያ ባቡር አንድ ዶላር አልተከፈለም፣ ጂቡቲ ወደብ ላይ አልተጠበቀም፣ ጋራዥ ውስጥ መለዋወጫ አልለመነም። የትራፊክ መብራት ፕሮግራም ተቀይሮ፣ ጥቂት መሣሪያ ተተክሎ፣ የመንገድ ቀለም ተቀብቶ የተገኘ ባቡር ነው። ባቡር በበዛበት ከተማ ቅድሚያ መስጠት ምቾት ሊባል ይችላል፤ ባቡር ባነሰበት ከተማ ግን ከሁሉ የረከሰው ባቡር የሚገኘው እዚያ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ተሳፋሪ የማያስተውለው ነገር አለ። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር በማይሞላው ክፍል አንዱን ሐዲድ በጋራ ይጠቀማሉ። ከቃሊቲ የመጣው ባቡር በሳሪስ በኩል ሦስት ደቂቃ ቢዘገይና ተራው ቢያልፈው፣ ከአያት የመጣው ባቡር ስታዲየም መግቢያ ላይ ይጠብቀዋል፤ እርሱን ደግሞ ከኋላው ያለው ይጠብቀዋል። ስለዚህ በደቡብ በኩል አንድ ሚኒባስ ሐዲዱን ለመሻገር ተቻኩሎ ያስከተለው መዘግየት ሲኤምሲ ሚካኤል ጣቢያ ላይ ቆሞ ሰዓቱን የሚያየውን ሰው ያስረፍደዋል ማለት ነው። ሰውየው ምን እንዳስረፈደው ፈጽሞ አያውቅም፤ «ባቡሩ አይታመንም» ብሎ በማግስቱ ታክሲ ሰልፍ ይይዛል።

አሁን ወደ ተሳፋሪው ልለፍ፤ እኔ በበኩሌ ከመብራቱ ይልቅ ይህ ይከብደኛል። ሐዲዱ በአብዛኛው የተዘረጋው በዋና መንገዶች መካከል ስለሆነ፣ መድረኩ ላይ ለመድረስ በፍጥነት የሚነዳበትን መንገድ መሻገር ግድ ነው። ሥራው ሲነደፍ የተፈራው ነገር መኪናው በባቡሩ ምክንያት እንዳይቆም ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ በመሆኑም ባቡሩ የራሱን መንገድ አገኘ፣ መኪናውም የራሱን አገኘ፣ በሁለቱ መካከል የቀረው እግረኛው ነው። በዚህ ከተማ ከግማሽ የሚበልጠው ጉዞ በእግር እንደሚደረግ፣ በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች እንደሆኑ የራሳችሁ ባለሙያዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ወደ ባቡሩ የሚመጣው ሰው ከእነዚህ እግረኞች አንዱ ነው። ባቡሩ በሰዓቱ ደርሶ፣ ተሳፋሪው ግን ዜብራው ላይ ቆሞ ካመለጠው፣ ለእርሱ ባቡሩ እንደዘገየ ይቆጠራል።

ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ፣ ዝናቡ እየጀመረ ስለነበር እንደ ሌላው ሁሉ ተቻኩያለሁ። ጣቢያ አጠገብ ባለ ዜብራ ላይ አንዲት ልጅ ያዘለች እናት እጇን ዘርግታ ለመሻገር ስትሞክር አየኋት፤ ከኋላዬ ያለው መኪና ይገጨኛል የሚል ሰበብ ለራሴ ሰጥቼ አላቆምኩም። ከኋላዬ ያሉትም አላቆሙም፤ የመጀመሪያው ካላቆመ ማን ያቆማል? በስፖኪዮ ሳይ ባቡሩ በሩን ዘግቶ ተነሣ፤ እርሷ ገና ዳር ላይ ነበረች። ያን ቀን ያተረፍኩት ምናልባት አሥር ሰከንድ ነው። እርሷ ለሚቀጥለው ባቡር ስንት ደቂቃ በዝናብ እንደቆመች አላውቅም። እንደ እኔ ያለውን ሾፌር በምክር አታቆሙትም፤ ተመክሬ አውቃለሁና። የሚያቆመኝ ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራ፣ ጣቢያው አጠገብ የጠበበ መንገድ፣ ባቡር ሲቃረብ ለእግረኛው አረንጓዴ የሚያበራ መብራትና መብራቱን ስጥስ ሳይረሳ የሚመዘግብ ካሜራ ነው። ደረጃ የበዛበት የእግረኛ ድልድይ ግን መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም፤ ሽማግሌውን፣ ነፍሰ ጡሯንና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ሰው ደረጃ አስወጥቶ እኔን በወንበሬ እንደተቀመጥኩ ማሳለፍ ነውና።

በዚህ ጥያቄ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች አንዱን በጣም አከብረዋለሁ። ባቡሩ ሲያልፍ በቀይ መብራት የሚቆመው የቤት መኪና ብቻ አይደለም፤ ሰው የሞላው የአንበሳና የሸገር አውቶቡስ፣ ወያላው ደረቱን በመስኮት ያወጣ ሚኒባስም አብሮ ይቆማል። እውነት ነው። መልሱ ግን ባቡሩን ማስቆም ሳይሆን አውቶቡሱን ከመኪናው ሰልፍ ማውጣት ነው። በአንዳንድ መንገዶች ለአውቶቡስ ብቻ ተብለው የተከለሉ መስመሮች አሉ፤ ሐዲዱን በሚያቋርጡት መንገዶች ላይም፣ ቢያንስ ከመገናኛው በፊት ባሉት ጥቂት መቶ ሜትሮች፣ ተመሳሳይ መስመር ቢኖር አውቶቡሱ ከሰልፉ ፊት ደርሶ በመጀመሪያው አረንጓዴ ያልፋል። ቅደም ተከተሉ በጫኑት ሰው ልክ ይሁን፦ ባቡር፣ አውቶቡስ፣ ታክሲ፣ ከዚያ እኔ። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ከሁሉ በላይ መሆናቸው አያከራክርም። ኮድ 4 ግን ከእኔ ጋር ይሰለፍ። የአውቶቡስ መስመር ውስጥ ገብቶ የሚነዳ የመንግሥት መኪና አንድ ጊዜ ያየ ሾፌር፣ ደንቡ ለማን እንደተጻፈ ተረድቶ በማግስቱ ራሱም ይገባበታል።

ሌላው ተቃውሞ «ይህ ለሀብታም አገር ነው» የሚለው ነው። የዙሪክን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። ስዊዘርላንዳውያኑ ትራሙን፣ ማለትም በከተማ መንገድ ላይ የሚሄደውን ቀላል ባቡራቸውን፣ ከመኪናው መንገድ ለማንሣት ከመሬት በታች እንቅበረው የሚል ዕቅድ ቀርቦላቸው በ1962 እ.ኤ.አ. በድምፅ ውድቅ አደረጉት፤ በ1973 ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡር ይሠራ የተባለውንም አልተቀበሉም። በዋሻ ላይ ያን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ አልፈለጉም። በ1977 ግን በሕዝብ ጥያቄ የቀረበላቸውን ሌላ ሐሳብ አጸደቁ፦ በአሥር ዓመት ውስጥ 200 ሚሊዮን ፍራንክ ወጥቶ በምድር ላይ ያሉት ትራሞችና አውቶቡሶች እንዲፈጥኑ ይደረግ የሚል። በየመገናኛው መሣሪያ ተተከለ፣ ትራሙ መብራት ላይ የሚጠብቀው ጊዜ ወደ ዜሮ እንዲጠጋ ግብ ተያዘ፣ ወደ መሀል ከተማ የሚገባው መኪናም ዳር ላይ ባሉ መብራቶች እየተመጠነ እንዲገባ ተደረገ። ቅድሚያውን የመረጡት ከዋሻው ስለረከሰ ነው። እኛ ደግሞ ሐዲዱ ተሠርቶልን፣ አብዛኛው ተከልሎልን፣ የቀረን ከእነርሱ ሥራ እጅግ ያነሰው ነው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ለማየት ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩባት ዋሽንግተን መሄድ ይበቃል። እዚያ በኤች ስትሪት በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ትራም ከአራት ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መስመር፣ ተሳፋሪውን ምንም ሳያስከፍል ይጓዝ ነበር፤ ሐዲዱ ግን ከመኪናው ጋር በአንድ መንገድ፣ ያውም ከቆሙ መኪኖች ጎን ተዘርግቷል። አንድ ሰው ቡና ልግዛ ብሎ መኪናውን ከነጩ መስመር ትንሽ አስወጥቶ ካቆመ ትራሙ ከነተሳፋሪው ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆማል፤ ትራም እንደ አውቶቡስ ዞሮ ማለፍ አይችልም። በ2025 የከተማዋ ከንቲባ አገልግሎቱ እንዲቋረጥና በአውቶቡስ እንዲተካ ሐሳብ አቀረቡ። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ነገር በአንድ መኪና ማቆሚያ መስመር ተሸነፈ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። ይሁን እንጂ በነጻ እንኳ ቢሆን የማይፈጥን ትራም የብዙ ሰው ምርጫ እንደማይሆን አሳይቷል።

የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይንም በአጭሩ ላንሣ፣ በቅርብ ጊዜ በየስብሰባው የሚሰማ መልስ ሆኗልና። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ለጭሱና ለነዳጅ ወጪው ይበጅ ይሆናል። ለመንገዱ ግን ለውጥ የለውም፤ የኤሌክትሪኩ መኪና ከመገናኛ አደባባይ ላይ የሚይዘው ቦታ የድሮዋ ቪትዝ ከምትይዘው አያንስም። ባቡራችን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጥያቄዬን አሁን ያቀረብኩበት ምክንያት አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት መንገዶች እየፈረሱ እንደገና እየተሠሩ፣ የእግረኛ መንገድ እየሰፋ፣ አዳዲስ የትራፊክ መብራቶች እየተተከሉ ነው። መንገድ አንዴ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ለአንድ ሽቦ ሲባል መልሶ መቆፈር ምን ያህል እንደሚያስወጣና እንደሚያማርር ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ መብራቱ ሲተከል የባቡሩ መሣሪያ አብሮ ቢገባ፣ ዜብራው ሲሠራ ጣቢያው ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ቢሠራ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው ሲዛወር ከባቡር ጣቢያው በር አጠገብ ቢሆን የሚጨመረው ወጪ ትንሽ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ምንም የማያስወጣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ባቡሩ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ተመዝግቦ በየወሩ ለሕዝብ ይገለጽ። አንድ ወር ይመዝገብ፤ ከዚያ በአንድ መገናኛ ላይ ብቻ ለሦስት ወር ቅድሚያው ተሰጥቶ ይሞከር፤ መኪናውም ባቡሩም ተቆጥሮ ውጤቱ ይውጣ። ሒሳቤ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ይህንን ደብዳቤ በሌላ ደብዳቤ አርመዋለሁ።

ልኬቱ ሲጀመር የተሽከርካሪ ቁጥር ብቻ እንዳይወሰድ አደራ እላለሁ። መንገድ ላይ ቆጣሪ ይዘው የሚቆሙት ወጣቶች በአንድ ቅጽ መኪናውን፣ በሌላው ውስጡ ያለውን ሰው ይቁጠሩ። እኔን ያገኙኝ እንደሆነ አንድ ይበሉኝ፤ ከኋላ ወንበር ያለው የላፕቶፕ ቦርሳዬ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤

የኮድ 2 መኪና ባለቤትና የባቡር ተሳፋሪ የሆነ የከተማዋ ነዋሪ
አዲስ አበባ